የጎማ ዕድሜ ከጎኑ ይነበባል



በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. የቀብር መኪናችን የኋላ ጎማ ፈንድቶ ለቀስተኛው መንገድ ላይ መቆሙን የምታስታውሱት ነው። አስከሬኑን በሌላ መኪና አዛውረን ቀብሩ ዘገየ እንጂ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን ያ ጎማ ከተገዛ ገና ሦስት ወሩ ነበር፤ ጥርሱም ምንም አልተበላም። ከገዢዎቹ አንዱ እኛ ስለነበርን ስሕተታችንን ሳንደብቅ፣ ስለ ጎማ ታሪክና ስለ ዕድሜው አነባበብ ጥቂት ለማለት ወደድን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሰው የፈረንጆቹን ዘመን ነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር የጎማን ሙጫ ከድኝ ጋር አግሎ ማጠንከርን ያገኘው በ1839 ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ደግሞ በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በአየር የሚነፋ ጎማ ሠርቶ በ1888 የፈጠራ መብት አወጣ። በ1895 የሚሸሊን ወንድማማቾች በነፋስ ጎማ መኪና ነድተው ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ ተወዳደሩ። የጥንቱ ጎማ ነጣ ያለ ነበር፤ የጠቆረው በኋላ ለጥንካሬ ሲባል ጥላሸት ሲጨመርበት ነው።

የመጠኑም አጻጻፍ እንደየዘመኑ ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ ጎማ 30 በ3½ ይል ነበር፤ 30 ኢንች የጎማው ሙሉ ቁመት፣ 3½ ወርዱ ነው። ቆይቶ ከቁመቱ ይልቅ የቸርኬው መጠን ይጻፍ ጀመር። በከተማችን ብዙ የነበረችው ፎልስዋገን 5.60-15 ታደርግ ነበር፤ ወርዱ 5.60፣ ቸርኬው 15 ኢንች ማለት ነው። ሚሸሊን በ1946 ያስመዘገበው ራዲያል ጎማ ሲስፋፋ ደግሞ በመካከሉ «አር» የሚለው ፊደል ገባ። ይሁን እንጂ መጠን ዓይነቱን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። 5.60-15 ዛሬም ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ይሠራልና።

ዕድሜውን የሚናገረው «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ ያለው ቁጥር ነው። ይህም በአሜሪካ በ1971 የተጀመረ ነው። እስከ 1999 ድረስ ሦስት አኃዝ ነበር። 127 ቢል በ12ኛው ሳምንት፣ በ7 በሚያልቅ ዓመት የተሠራ ነው፤ ግን 1977 ይሁን 1987 አይለይም። ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች ለ1990ዎቹ ትንሽ ሦስት ማእዘን ጨመሩበት። ከ2000 ወዲህ ግን አራት አኃዝ ሆኖ ነገሩ ግልጽ ሆነ።

ግልጽ ቢሆንም እኛ ተሳሳትን። የገዛነው ጎማ 2410 ይል ነበር። ሻጩ «የ2010 ነው፤ ገና አራት ዓመቱ» አለን፤ እኛም በራሳችን ዘመን ቆጥረን አመንን። ለካ የፈረንጅ 2010፣ 24ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2002 ዓ.ም.! ወደ አሥራ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዛን። ሠላሳ ዓመት ያህል በግምጃ ቤት ጸሐፊነት ጎማ ስንመዘግብ ኖረናል፤ ነገር ግን መዝገቡ መጠን፣ ብዛትና ዋጋ እንጂ ዕድሜ የሚል ዓምድ አልነበረውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኛ ኖሯል።

እንግዲህ ስትገዙ፣ የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ፣ ካጣችሁት ጎንበስ ብላችሁ የውስጡን ጎን እዩ። ጎማ ሳይነዳም በሙቀትና በአየር ይደርቃል፤ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት። ብዙ ፋብሪካዎች ጥርሱ ደኅና ቢሆንም ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳ ይመክራሉ። ስኮርታውንም አትርሱ፤ ተኝቶ የሚያረጀው እሱ ነው።

በበኩላችን በእድሩ ንብረት መዝገብ «የተሠራበት ዘመን» የሚል ዓምድ እንዲከፈት እናሳስባለን። ሰው ሊሸኝ የወጣ ለቀስተኛ በጎማ ምክንያት ራሱ ተሸኚ እንዳይሆን ነው።

ቸር ያሰማን።