ከባዶ እግር እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር

በኢትዮጵያ የሩጫ ታሪክ ውስጥ በዘመን መለወጫ ሰሞን የተገኙ ሁለት የማራቶን ድሎች አሉ። አንደኛው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960)፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በሮም ከተማ የተገኘው ነው። ሁለተኛው መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) በቪየና የተገኘው ነው። የመጀመሪያውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው፤ ድሉ በዚያው ዕለት ተሰርዟልና። አንደኛው ድል ያለ ጫማ ተገኘ፤ ሌላኛው በጫማ ምክንያት ጠፋ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው የስድሳ አንድ ዓመት ርቀት፣ ስፖርት ከሰው እጅ፣ ይልቁንም ከሰው እግር፣ ወደ ማን እጅ እየተሸጋገረ እንደሆነ የሚናገር ይመስለኛል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጸመው ባዶ እግሩን ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ዘርፋ በወሰደችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ዘንድ ሲደርስ፣ ዓለም ስሙን የማያውቀውን አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በመደነቅ ተመለከተ። ብዙዎች ያንን ባዶ እግር የድህነት ምልክት አድርገው ተርጉመውታል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። አበበ ጫማ አጥቶ አልነበረም፤ የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ አልተመቹትም፤ ባዶ እግሩን መሮጥ ደግሞ በልምምድ የለመደው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ያለ ጫማም በጫማም ያሸነፈው ያው ሰው ነው። ድሉ የእግሩ ነው ወይስ የጫማው ብሎ መጠየቅ በዚያ ዘመን ለማንም ትርጉም አልነበረውም።

ዛሬ ግን ይህ ጥያቄ ትርጉም አለው። በ2021 በቪየና አትሌት ደራራ ሁሪሳ ኬንያዊውን ሊዮናርድ ላንጋትን በሦስት ሰከንድ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ገባ። ከውድድሩ በኋላ ጫማው ሲለካ የሶሉ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ደንቡ የሚፈቅደው ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከውድድሩ በፊት እሮጥበታለሁ ብሎ ያስመዘገበውም ሌላ ጫማ ነበር። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ድሉም ለላንጋት ተሰጠ። በዳኞቹ ላይ የማነሣው ቅሬታ የለኝም፤ ደንብ ደንብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ የአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ላብ ሊሽር የቻለው ከየት ባገኘው ሥልጣን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ 2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ መመለስ ያሻል። በወንዶች ማራቶን ሁለተኛ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ሲገባ ዓለም ሁሉ እጆቹን አየ፤ ሊታዩም ይገባቸው ነበር። እግሮቹን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነበር። አንደኛ የወጣው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ፣ ፈይሳና ሦስተኛው ጌለን ራፕ ሦስቱም ያደረጉት ናይኪ ገና ለገበያ ያላቀረበውን የሙከራ ጫማ ነበር። ጫማው በ2017 ቬፐርፍላይ በሚል ስም በ250 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ወፍራም ሆኖም እጅግ ቀላል የሆነ ስፖንጅ አለው፤ በውስጡም ከካርቦን የተሠራ ጠንካራ ዝርግ ተቀብሯል። እግር መሬት ሲረግጥ የሚባክነውን ኃይል ከፊሉን መልሶ ለሯጩ ይሰጠዋል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ18 ሯጮች ላይ የተደረገና ኩባንያው ራሱ የደገፈው ጥናት፣ ጫማው በአማካይ 4 በመቶ ያህል ኃይል እንደሚቆጥብ አሳየ። ቁጥሩ ከሯጭ ሯጭ ይለያያል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ቢያደርጉ እንኳ ጫማው ለሁሉም እኩል አያደላም ማለት ነው።

በጥቅምት 2019 በሁለት ተከታታይ ቀናት የሆነውን እናስታውስ። ኪፕቾጌ በዚያችው በቪየና በተፈራራቂ አሯሯጮች ታጅቦ፣ ለሕዝብ ገና ያልተሸጠ ጫማ አድርጎ፣ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሮጠ፤ ውድድር ስላልነበረ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። በማግስቱ ብሪጂድ ኮስጌ በቺካጎ የፓውላ ራድክሊፍን የ16 ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረች። ክርክሩ ስለተጋጋለ የዓለም አትሌቲክስ በጥር 2020 ደንብ አወጣ፤ የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከአንድ በላይ ዝርግ አይኖረውም፤ ጫማውም ከውድድሩ በፊት ለአራት ወራት በገበያ ላይ የዋለ ይሁን የሚል። ከጊዜ በኋላ ግን በሙከራ ላይ ላሉ ጫማዎች በፈቃድ የሚገቡበት በር ተከፈተላቸው። ክርክሩን ያስነሣው ጫማም ከወሰኑ በታች ሆኖ በሰላም አለፈ።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። በ2009 በዚያችው በሮም በተካሄደው የዓለም የውሃ ዋና ሻምፒዮና ዋናተኞች ከሰው ሠራሽ ላስቲክ መሰል ጨርቅ የተሠራ ልብስ ለብሰው 43 የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበሩ። ፌዴሬሽኑ ልብሱን ከጥር 2010 ጀምሮ ከለከለ። ስፖርት ለፋብሪካ «እስከዚህ ድረስ ብቻ» ማለት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ውድ አንባቢያን፣ የአትሌቲክሱ ደንብ ፍትሕን የተረጎመው «ማንም ሊገዛው የሚችል» በማለት ነው። ማንም ማለት ማን ነው? በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ክብረ ወሰኑን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚያወጣ፣ መጀመሪያ ላይ 521 ጥንድ ብቻ ለሽያጭ የቀረበና በአምራቹ አነጋገር ለአንድ ማራቶን የተሠራ ነበር። የትዕግሥትን ጉልበት የምጠራጠር አይደለሁም፤ በሪዮ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር የተወዳደረች ሴት ማራቶንን እንዲህ አድርጋ መግዛቷ የእርሷና የአሠልጣኟ ሥራ ነው። ነገር ግን በበቆጂ ዳገት ላይ ማለዳ የምትሮጥ፣ ገና ውል የሌላት ልጅ፣ በማጣሪያ ውድድር ከጎኗ የምትሰለፈው ውል ያላት ልጅ ብትቀድማት የተሸነፈችው በእግር ነው ወይስ በዋጋ? ጫማውን ለማግኘት ውል ያስፈልጋታል፤ ውል ለማግኘት ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ሰዓቱን ለማምጣት ደግሞ ጫማው። እኩልነቱ መነሻው መስመር ላይ ሳይደርስ ሱቅ ውስጥ አልቋል።

ንግዱ በእግር ብቻ ሳይወሰን በስምም መጥቷል። ቪብራም የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ በ2010 እንደ ባዶ እግር የሚያስሮጥ፣ አምስት ጣት ያለው ጫማ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙንም «ቢቂላ» አለው። የአበበ ቤተሰቦች ፈቃዳችንን አልጠየቀንም ብለው በ2015 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን ዘጋው፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ ነገሩን በ2011 እያወቀ በጊዜው መብቱን አልጠየቀም የሚል ነበር። ያለ ጫማ ያሸነፈ ሰው ስም ጫማ መሸጫ ሆነ፤ ቤተሰቡም ዘገያችሁ ተባለ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሏል እንዲህ ነው።

በእኔ እምነት ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቴክኖሎጂን መጥላት አይደለም። አበበም በቶኪዮ ጫማ አድርጓል። የምንማረው፣ ደንብ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ እግር የምታቀርብ አገር ድምፅ ከሌላት፣ ጫማ የሚያቀርበው ብቻውን እንደሚናገር ነው። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን በአገር ውስጥ ማጣሪያዎች ሁሉም የሚያገኘውን ጫማ ብቻ ቢፈቅድ፣ ከእያንዳንዱ ዓለም አቀፍ ውድድር በፊት የአትሌቶቹን ጫማ ለክቶ ቢልክ፣ የታላላቅ አትሌቶቻችንን ስም በንግድ ምልክትነት በጊዜው እንዲመዘገብ ቢያግዝ፣ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለደራራ አንድ ማስመሪያ ይበቃው ነበር፤ ለአበበ ቤተሰብ አንድ ጠበቃ፣ በጊዜው።

ቸር እንሰንብት።