ነፋስና መረብ፦ የተለዋዋጭ ፍጥነት ጄኔሬተር አመጣጥ

በመርሳ ዙሪያ እህሉን ከገለባ የሚለየው ገበሬ ነፋሱን አያዝዝም፤ ሲበረታ መንሹን ዝቅ፣ ሲደክም ከፍ እያደረገ እጁን ከነፋሱ ጋር ያስማማል። የነፋስ ኃይል መሐንዲሶች ግን ወደዚሁ ዘዴ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል።

እንደሚታወቀው የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መረብ ግን ዘወትር 50 ኸርዝ ይፈልጋል። ዴንማርካዊው መሐንዲስ ዮሐንስ ዩል እ.ኤ.አ. በ1957 በጌድሰር ያቆመው ባለ200 ኪሎ ዋት ተርባይን ይህን ቅራኔ የፈታው ጄኔሬተሩን በቀጥታ ከመረቡ ጋር በማቆራኘት ነበር። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ለብዙዎች አርአያ ሆነ። ሆኖም መረቡ የዙሩን ፍጥነት አንቆ ስለሚይዝ የነፋሱ ድንገተኛ ግፊት በዘንጉና በካምቢዮው ላይ ያርፋል፤ ነፋሱ ሲደክምም ሊገኝ ከሚችለው ኃይል ከፊሉ ይቀራል።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1983 ያቆሙት ባለ3 ሜጋ ዋት «ግሮቪያን» ፍጥነቱን በተወሰነ መጠን እንዲለዋውጥ የተሠራ ነበር። አካሉ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ ብዙ ሳይሠራ እ.ኤ.አ. በ1988 ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን አልፈረሰም። የኃይል ኤሌክትሮኒክስ እየተሻሻለ ሲሄድ በነፋሱና በመረቡ መካከል አስታራቂ የሚሆን ኮንቨርተር ተገኘ።

በአገራችን ታላላቅ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ከዚህ በኋላ ነው። በመሆኑም የቴክኖሎጂው ሁለት ዐበይት ዘርፎች በአዳማ አጠገብ ጎን ለጎን ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖችና 51 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ተርባይኖቹ ካምቢዮ የላቸውም፤ ጄኔሬተራቸው ባለቋሚ ማግኔት ሲሆን የሚያመነጩት ኃይል በሙሉ በኮንቨርተር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አቅም አለው። በእነዚህ ካምቢዮ አለ፤ ስታተሩ በቀጥታ ከመረቡ ጋር ሲገናኝ በኮንቨርተሩ የሚያልፈው የሮተሩ ኃይል፣ ይኸውም ከጠቅላላው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ካምቢዮን ሲያስቀር ትልቅ ኮንቨርተር ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ኮንቨርተሩን ሲያሳንስ የካምቢዮን ጥገና ይሸከማል።

ከታሪኩ የምንረዳው ይህ ነው፦ ተለዋዋጭ ፍጥነት የነፋሱን ጫና ከብረት ላይ ቢያቀልም ኃላፊነቱን ወደ ኤሌክትሮኒክስ አሸጋግሮታል። ያረጀ ካምቢዮ በድምፁ ያስታውቃል፤ የኮንቨርተር ብልሽት ግን ያለ መለኪያ መሣሪያ፣ ያለ ሶፍትዌርና ያለ መለዋወጫ አይደረስበትም። መርሳም ወልድያም ብርሃን የሚያገኙት አዳማ ከተያያዘበት ብሔራዊ መረብ ነው። እንግዲህ በወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋሞቻችን ምሕንድስና የሚማረው ወጣት ኮንቨርተር ፈቶ መግጠምን ካልተማረ፣ በነጻ የሚነፍሰውን ነፋስ በውጭ ምንዛሪ ስንገዛ እንኖራለን።