ላሲክ

ላሲክ የዓይን ብሌንን (ኮርኒያን) በሌዘር ጨረር በመቅረጽ ሩቅ ወይም ቅርብ ያለውን አጥርቶ ያለማየትንና አስቲግማቲዝም የተባለውን የዕይታ መዛባት የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና ነው። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን በመስበር በኩል ሁለት ሦስተኛውን ድርሻ የሚይዘው ብሌኑ ስለሆነ፣ ከውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ሲነሳለት ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል።

ሌዘሩን ለዚህ ሥራ ያበቃው ግኝት የመጣው ከዓይን ሕክምና ውጭ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የአይቢኤም ምርምር ማዕከል ስሪኒቫሳን፣ ዊንና ብለም የተባሉ ተመራማሪዎች ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር አካባቢውን ሳያቃጥል ሥጋ እንደሚቆርጥ ደረሱበት፤ የሞከሩትም በአሜሪካ ከሚከበረው የምስጋና ቀን ድግስ በተረፈ የቱርክ ዶሮ ላይ ነው። በ1983 የዓይን ሐኪሙ ስቲቨን ትሮኬል ከስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ ግኝቱን ወደ ዓይን ብሌን አመጣው። ብሌኑን በስሱ ገልጦ ከሥሩ በሌዘር የመቅረጹን ዘዴ ደግሞ በ1990 አካባቢ በቀርጤስ ዩኒቨርሲቲ ኢዮአኒስ ፓሊካሪስ አዳበረው።

ታካሚው በማደንዘዣ እንዲያንቀላፋ አይደረግም፤ ዓይኑ የሚደነዝዘው በጠብታ ብቻ ነው። የዓይን ቆቡ በመያዣ ተከፍቶ ከብሌኑ ላይ ስስ ክዳን ይገለጣል፤ ታካሚው ብልጭ የሚል መብራት እያየ ሌዘሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ይሸታል። ክዳኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ያለ ስፌት ይያያዛል።

ወሳኙ ሥራ ግን አስቀድሞ የሚደረገው ልኬት ነው። ውፍረቱ 540 ማይክሮን የሆነ ብሌን እንውሰድ። ክዳኑ 110 ይወስዳል፤ በ6 ሚሊሜትር ስፋት 6 ዲዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) ለማስተካከል ወደ 72 ማይክሮን ይነሳል፤ 358 ይቀራል። ከ250 በታች መውረድ አደገኛ ነው፤ ብሌኑ ሊለጠጥና ዕይታው ሊበላሽ ይችላል። ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው ላሲክ ሊደረግለት አይገባም፤ በሽታው ገና ሲጀምር በመነጽር ምርመራ ብቻ ላይታወቅ ስለሚችል የብሌኑን ቅርጽ የሚያነሳው ምርመራ ግድ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉና የመነጽር ቁጥራቸው ገና የሚለዋወጥ ሰዎችም መቆየት አለባቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የዓይን ድርቀትና በሌሊት መብራት ዙሪያ የሚታይ ክብ ብርሃን የተለመዱ ናቸው፤ በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይቀንሳሉ፣ በአንዳንዶች ላይ ግን ይቆያሉ። ላሲክ የዓይን ሞራን አያስቀርም፤ ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣውን የንባብ መነጽርም እንዲሁ። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት የብሌኑን ውፍረት በቁጥር ይጠይቅ፤ ቁጥሩን የማይነግር ሐኪም ዘንድ አይቸኩል።