ፍሪሲዮን፣ ማርሽ እና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ዳገት

ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ቢሆን የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳን አይሞላም ነበር። ይህ መንገድ ግን ከደሴ እንደወጣ ወደ ጉጉፍቱ ሽቅብ ይነሣና 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ በለጋምቦ፣ በአቀስታ በኩል ደጋ ለደጋ ሄዶ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው መካነ ሰላም ይወርዳል። ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚቀጥል መኪና ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገርና እንደገና ይወጣል። የጭነት መኪና ታሪክ በዚህ አካባቢ የዳገትና የቁልቁለት ታሪክ ነው። ዳገቱም ቁልቁለቱም መጀመሪያ የሚያጠቁት ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ነው።

ከባድ ጭነት በመንኮራኩር እዚህ ደጋ ላይ የወጣው ከሞተር በፊት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጎተቱት። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ ዛሬ ትርፍ የጫነ አንድ አይሱዙ ይዞት የሚወጣው ክብደት መሆኑ ነው። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ፤ ከፊቱ መንገድ እየተጠረገ፣ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች እየታለፉ። ሽቅብ ሲሆን ሰው ሁሉ ከፊት ይስባል፤ ያ ጉልበት ለአፍታ ከላላ መድፉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቁልቁል ሲሆን ያው ሰው ወደ ኋላ ዞሮ በገመድ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሽኖች ሁሉ የተፈተኑት በእነዚሁ በሁለቱ ነው። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ቀረ። በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ወረኢሉ ላይ የተሰበሰበው ሠራዊት ስንቁን ያንቀሳቀሰው በዚያው ዘዴ ነው። መኪና በብዛት የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። ደሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ፣ ከኮምቦልቻም ወደ አሰብ የሚወስዱት ጎዳናዎች ተሠሩ፤ ፊያት 634ና ላንቺያ ሮ የተባሉ የናፍጣ መኪኖች በእነዚህ ላይ ተመላለሱ። ፊያቱ በቁጥሩ መጨረሻ (34) ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ ቀረ። ምዕራቡ ደጋ ግን ከነዚህ ዋና መስመሮች ውጭ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የመንገድ ሥራ መልክ ከያዘም በኋላ ለዚህ ወገን ለረጅም ጊዜ የደረሰው ጠጠርና ጭቃ ነው። በ1977ቱ ረሃብ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች መኪና ሊደርስባቸው በማይችል የደጋ ስፍራዎች እህል በከረጢት ከአየር እስከ መጣል መድረሳቸው የመንገድ ችግር ምን ያህል እንደነበር ያሳያል።

የደጋውን ሹፌር ሙያ የቀረጸው ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682 ኤን 3 ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህ መኪና ካምቢዮ ሲንክሮናይዘር አልነበረውም። ሲንክሮናይዘር የሚባለው የሁለት ጥርሶችን ፍጥነት አስተካክሎ የሚያገናኝ ቀለበት ሲሆን፣ በአሜሪካ ካዲላክ መኪና ላይ እ.ኤ.አ. በ1928 ከገባ ወዲህ በቤት መኪኖች ዘንድ ቢለመድም ወደ ከባድ መኪና የደረሰው ዘግይቶ ነው። እሱ በሌለበት ፍጥነቱን የሚያስተካክለው የሹፌሩ እግርና ጆሮ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ወደ ፎሌ (ምንም ማርሽ ወዳልገባበት ቦታ) ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ለቆ ነዳጅ ይሰጣል፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ እንደገና ይረግጥና ከባዱን ማርሽ ያስገባል። ይህ ሁሉ ዳገት መሐል፣ መኪናው ቆሞ ወደ ኋላ ከመንከባለሉ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ካልተጠናቀቀ ረዳቱ ከጎማው ኋላ የሚደግፍበትን ታኮ ይዞ ይዘላል። ረዳቶች ለዓመታት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው የሚማሩት ከመሪው ይልቅ ይህንን ነበር።

ከፍታው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ ጉጉፍቱ ላይ ሲደርስ ከሩብ በላይ ጎድሎበታል። ሹፌሩ ያንን ለማካካስ ሞተሩን እያስጮኸ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይለቃል። ያኔ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከቮላኖው (ከፍላይዊሉ) ጋር ሳይጣበቅ እየተፋተገ ይግላል። ዳገት ላይ መኪናን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ይዞ መቆምም እንዲሁ ነው፤ ዝናብ ለመታው ጠጠር መንገድና ለትርፍ ጭነት የሚከፈለው ዋጋ ከሁሉ በፊት እዚህ ሸራ ላይ ይታያል።

መካኒኩ ችግሩን የሚለየው ካምቢዮ ሳያወርድ ነው፤ ማውረድ የአንድ ቀን ሥራ ነውና። ሞተሩ ሲጮኽ መኪናው ባለበት ከሆነ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ካለ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ቀላል ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሸራው አልቋል፣ ወይም የማተሚያው ሞላ በሙቀት ደክሟል፣ አለዚያም ከሞተሩ ኋላ ዘይት አፍስሶበታል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የፔዳሉ ክፍት ጨዋታ ይታያል። ፔዳሉ ትንሽ እንኳን ሳይላላ ወዲያው የሚይዝ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል ተረግጦ ነው የሚኖረው፤ ይህ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል።

ማርሽ ሲገባ የሚንኳኳና የሚፋጭ ከሆነ ጉዳዩ ተቃራኒ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ኤንትሬን ከተኩት የጃፓን አይሱዙዎች ጋር ይህ ችግር ሌላ መልክ ይዞ መጣ፤ ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን የሚያንቀሳቅሰው በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ የፓምፑ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ሲያልቅ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ሲገባ ፔዳሉ ይረገጣል እንጂ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ማርሹ ከገባ ጥፋቱ ከፓምፑ ወይም ከአየሩ ነው፤ ካምቢዮውን የሚፈታ ሰው ያለ ነገሩ ደክሟል። ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታን ያመለክታል፤ በፎሌ ቆሞ፣ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ የሚመጣው ደግሞ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ያመራል።

ክፉው ብልሽት ቁልቁለት ላይ የሚደርሰው ነው። ወደ ዓባይ ሲወርድ ጭነቱ ሞተሩን ስለሚገፋው ጥርሶቹ በሌላ ጎናቸው ይደገፋሉ፤ የተበላ ጥርስ ወይም የደከመ የማርሽ መያዣ ሞላ ያለው ካምቢዮ ያኔ ማርሹን ይተፋዋል። ሲንክሮናይዘር በሌለው መኪና የወጣን ማርሽ በዚያ ፍጥነት መመለስ አይቻልም ማለት ይቀላል፤ የሚቀረው ፍሬን ነው፣ እሱም ይግላል። ዳገት የወጡበት ማርሽ ለመውረጃም ይበቃል የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድን ጥቂት የማይባሉ ሹፌሮች እንደ ብልሃት ቢያዩትም፣ የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ስለሚዘጋ ትርፉ ባዶ ነው።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ከከፈተ ወዲህ ሲሚንቶና ብረት የሚጭኑ ሲኖትራኮች መንገዱን ለምደውታል። 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱርቦ ሞተር ከፍታውን አያስበው ይሆናል፤ ካምቢዮው ግን አሥር ማርሹን በሁለት እርከን የሚከፍለው በአየር ነው፣ ፍሪሲዮኑም የአየር እገዛ አለው። የአየር ቱቦ ሲተነፍስ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ማርሹም ከታችኛው እርከን ወደ ላይኛው አልሻገር ይላል። በዚህ መኪና ማርሽ እምቢ ሲል በመጀመሪያ የሚታዩት የአየር ታንኩ ግፊትና ከማርሽ ዘንጉ የሚነሡት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ ካምቢዮው የሚወርደው እነዚህ ደህና ሆነው ሲገኙ ነው።