ከአንቺም እስከ ድሮን

ከወልድያ ተነስቶ በድልብና በኩልመስክ አድርጎ ላሊበላ የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፍበት አገር ገደልና ዋሻ የሞላበት ነው። በዚህ የላስታ ደጋ ጦር ሲመጣ የደካማው መሸሸጊያ መሬቱ ራሱ ነበር፤ ቀን በዋሻ ተደብቆ ሌሊት በገደል መንገድ የሚሄደውን ሰው አገሩን የማያውቅ ጦር በቀላሉ አያገኘውም። አውሮፕላን ይህን መሸሸጊያ አናጋው እንጂ አላጠፋውም። የነጠቀው ድሮን ነው፤ የነጠቀውም ከመሣሪያው ኃይል ይልቅ ሰማይ ላይ በመቆየቱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከላስታ ብዙ ሳይርቅ፣ በዘቢጥ አምባ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር ጋር አንቺም ላይ ገጠሙ። የንጉሥ ተፈሪ አውሮፕላኖች አስቀድመው ወረቀት በትነው ነበር፤ ጉግሣን የተከተለ የተወገዘ ይሁን የሚል። ቦምቡ ኋላ መጣ፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ዕለት ወደቁ። የአየር ድብደባ ታሪካችንን ከጣልያን መጀመር ስለሚቀለን፣ አስቀድሞ ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያዊ ላይ ከሰማይ ቦምብ መጣሉን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ልክ በ6 ዓመቱ፣ በዚያው መጋቢት 22፣ ማይጨው ሆነ። የጣልያን አውሮፕላኖች የሚያፈገፍገውን ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በቦምብና በመርዝ ፈጁት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ላሊበላ ታጥፈው ጸሎት አድርሰው ጉዟቸውን ቀጠሉ። ያም ሆኖ ያ አውሮፕላን ነዳጁ ሲጎድል ይመለሳል፣ ሲመሽ ዓይን የለውም፣ ዋሻ ውስጥ ያለውን አያገኝም። በሚያዝያ 1931 በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት አጠገብ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን ለመግደል ጣልያን መርዙን በወታደር እጅ እስከ ዋሻው ማምጣት ግድ የሆነበት ለዚህ ነው።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንካራ ላይ ከቱርክ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚያው ጦርነት ላይ የዋለው ባይራክታር ቲቢ 2 የሚባለው የቱርክ ድሮን ክንፉ 12 ሜትር ነው፤ የሚጥለው ቦምብ 22 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከጦር ጄት ቦምብ ጋር አይወዳደርም። ግን እስከ 27 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ በሙቀት ካሜራው ሌሊትም ያያል። ዋሻው ዛሬም ቦምቡን ይችል ይሆናል፤ ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም ከዋሻው የሚወጣውን ሰው ግን ሊሰውረው አይችልም።

ድሮን ባይኖር ጦርነቱ ከደብረ ሲና አልፎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር የሚሉ አሉ። በወራሪ እጅ ወራት ለቆየ የላስታ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2014 ኅዳር ለተገለበጠው የጦር ሚዛን ድሮኑ ድርሻ እንደነበረው እኔም አልክድም። ከዚያ ወዲያ ግን ድሮን የሚመታው ዒላማውን ብቻ ነው የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። ዒላማን አለመሳት አንድ ነገር ነው፣ ዒላማውን በትክክል መምረጥ ሌላ። በ2014 የገና ዕለት ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአማራ ክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ባሉት 5 ወራት ውስጥ በድሮን 248 ሲቪሎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ዘግቧል። ታጣቂ ከሕዝብ መሃል ይደበቃል የሚለው መልስም እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ፕሮቶኮል ታጣቂ አለበት ተብሎ ሲቪሉ ጥበቃውን እንዲያጣ አይፈቅድም። የ1928ቱ አብራሪ በፍጥነት ሲያልፍ በውል አላየሁም ሊል ይችል ነበር። ለሰዓታት ሲመለከት ቆይቶ የሚተኩስ ግን ይህን ማለት አይችልም፤ ያየው ሁሉ በካሜራው ተቀርጿልና ቅጂው ለገለልተኛ መርማሪዎች ሊከፈት ይገባል።