ዓለም አቀፉ የስድስት ቀን ኢንዱሮ

ዓለም አቀፉ የስድስት ቀን ኢንዱሮ ብሔራዊ ቡድኖች ለስድስት ተከታታይ ቀናት በጫካ፣ በገደላገደል፣ በወንዝና በድንጋያማ መንገድ የሚፎካከሩበት የሞተር ሳይክል ውድድር ነው። መጀመሪያ የተካሄደው በ1913 በእንግሊዝ፣ ካርላይል ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ከሚያስተዳድራቸው፣ ከአስፋልት ውጭ ከሚደረጉ ውድድሮች መካከል በዕድሜ የሚስተካከለው የለም። አስተናጋጁ አገር በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ካቋረጡት በቀር እስከ ዛሬ ዘልቋል። ወዳጆቹ «የሞተረኞች ኦሊምፒክ» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የተጋነነ አይደለም፤ ባንዲራ ይዞ መሰለፉም፣ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሜዳሊያውም አለ።

ውድድሩ እስከ 1980 ድረስ «የስድስት ቀን ትራያል» ይባል ነበር። ትራያል የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ እግር መሬት ሳያስነኩ በድንጋይና በግንድ ላይ በዝግታ ለሚደረግ የሚዛን ውድድር መጠሪያ ስለሆነ፣ ከ1981 ጀምሮ ጽናትን የሚያመለክተው ኢንዱሮ ተተካ።

የጽናቱ ሐሳብ በውድድሩ ሜዳ ላይ ብቻ የተወለደ አይደለም። ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ፃግብጂ ቀበሌዎች የሚወጣና የሚወርድ የወረዳ ባለሙያ በየሳምንቱ የሚያደርገው ጉዞ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዳገቱ ጠጠር ነው፤ ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል፤ በክረምት ትናንት የተሻገሩት ጅረት ዛሬ መንገዱን ቆርጦ ይጠብቃል። በመካከል ጎሚስታ የለም። ጎማው ከተነፈሰ ካላማዳሪውን አውጥቶ የሚለጥፈው፣ ካቴናው ከተበጠሰ የሚቀጥለው፣ ካንዴላው ውኃ ከገባበት አውጥቶ የሚያደርቀው ነጂው ራሱ ነው። የስድስት ቀኑ ውድድር ይህንን የገጠር ሞተረኛ ዕጣ ወስዶ ሕግ አድርጎታል፤ ከሌሎች የሞተር ውድድሮች የሚለየውም ከፍጥነቱ ይልቅ በዚህ ነው።

የሕጉ እምብርት አንድ ነው፤ ሞተሩን የሚጠግነው ተወዳዳሪው ብቻ ነው። በፎርሙላ አንድ ውድድር ጎማ ለመለወጥ ብቻ አንድ መንጋ መካኒክ ይረባረባል። እዚህ ግን መካኒኩ እጁን አጣምሮ ይቆማል። ውድድሩ ሳይጀመር ዳኞች ሻሲውን፣ የሞተሩን ቅርፊት፣ ቸርኬዎቹንና ማርሚታውን በቀለም ምልክት ያደርጉባቸዋል። ምልክት የተደረገበትን አካል መለወጥ አይቻልም፤ በመጀመሪያው ቀን የተነሡበት ሞተር በስድስተኛው ቀን መድረስ አለበት። የተጣመመ ሊቃና፣ የተሰነጠቀ በሽቦ ሊታሰር ይችላል። ሌላ ሞተር ግን የለም።

ማታ ሞተሮቹ ሁሉ ዝግ ግቢ ውስጥ ያድራሉ። ግቢው ይጠበቃል፤ ባለቤቱም ቢሆን ገብቶ ብሎን ማጥበቅ አይፈቀድለትም። ጠዋት ከመነሻው በፊት ለሥራ የሚሰጠው 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ ምልክቱ ሲሰጥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ 20 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን መስመር ማለፍ ግዴታ ነው። ሌሊቱን በውርጭ ያደረ ሞተር በዚህች ደቂቃ ውስጥ አልነሣም ካለ፣ ቀኑ ገና ሳይጀመር ቅጣት ይቆጠራል። በደጋ የሚነዳ ሰው ይህች ደቂቃ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ሳይነገረው ይገባዋል።

ተወዳዳሪዎቹ በየደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይወጣሉ። የአንድ ቀን መንገድ ብዙውን ጊዜ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ስድስት፣ ሰባት ሰዓት በሞተር ላይ ያስቆያል። በመንገዱ ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚደርስበት ደቂቃ አስቀድሞ ተወስኖለታል፤ በዘገየባት በእያንዳንዷ ደቂቃ 60 ሰከንድ ይጨመርበታል። በማለፊያ ጣቢያዎች ቀድሞ መግባትም ያስቀጣል፤ ስለዚህ ቸኩሎ የደረሰው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል። መዘግየቱ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ውድድሩ አበቃ። አሸናፊውን የሚለዩት ግን በመንገዱ መካከል በገመድ የታጠሩ ልዩ ፈተናዎች ናቸው። እነዚህ በሰከንድ የሚለኩ፣ በሣር ሜዳ፣ በዛፍ መካከል ወይም በድንጋይ ላይ የተዘረጉ አጫጭር የፍጥነት ክፍሎች ናቸው። ተወዳዳሪዎች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ቀናት በእግራቸው እየሄዱ እያንዳንዱን መታጠፊያና እያንዳንዱን ሥር ያጠናሉ። በሞተር መለማመድ ክልክል ነው። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሁሉም በአንድ ሜዳ ተሰብስበው ጎን ለጎን የሚፋለሙበት የሞቶክሮስ ውድድር ይደረግና ያበቃል።

ከቀኑ ሁሉ ሊታይ የሚገባው ትርኢት፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ልዩ ፈተናው ሳይሆን የማታው 15 ደቂቃ ነው። ተወዳዳሪው ሞተሩን ወደ ዝግ ግቢ ከማስገባቱ በፊት ያለችው የሥራ ጊዜ ይህችው ናት። ደክሞት፣ ጭቃ ለብሶ፣ እጁ ተላልጦ ሁለቱንም ጎማ ይቀይራል፤ ዘይት ይለውጣል፤ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ንጹሕ ይከታል። ዛሬ በጎማው ውስጥ ካላማዳሪ የለም፤ በምትኩ ሙስ የሚባል፣ አየር የማያስፈልገው፣ እሾህ የማይበሳው ወፍራም የአረፋ ጎማ ይገባል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ መግጠሙ ግን ጣር ነው። ይህንን የለመዱት ጎበዞች አንዱን ጎማ በጥቂት ደቂቃ ጨርሰው ይነሣሉ፤ ያልለመደው ተንበርክኮ እንደታገለ ሰዓቱ ያልፍበታል።

ሜዳሊያው የሚሰጠው ለአንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ብቻ አይደለም። በሞተሩ ጉልበት ልክ በተመደበበት ክፍል ከአንደኛው ሰዓት በ10 በመቶ ውስጥ የጨረሰ ሁሉ ወርቅ ያገኛል፤ ከዚያ በሰፋ ልዩነት ያለው ብር፣ የቀሩት በሰዓቱ የጨረሱ ነሐስ ይወስዳሉ። ነሐስ ይዞ የሚመለስ ሰው በመንደሩ የሚከበረው ስድስቱን ቀን በመጨረሱ ነው።

ከግል ሜዳሊያው በላይ ግን የቡድን ዋንጫው ይከበራል። ዋናው የዓለም ዋንጫ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ስድስት ሞተረኞች ያሉት ቡድን ይወዳደርበት ነበር፣ ከ2016 ጀምሮ አራት ሆነዋል። ወጣቶችና ሴቶች በየራሳቸው ዋንጫ ሦስት ሦስት ሆነው ይሰለፋሉ፤ ክለቦችም የራሳቸው ውድድር አላቸው። አባል ሲወድቅ ቡድኑ የሚሸከመው ተጨማሪ ሰዓት ከባድ ስለሆነ፣ አንድ ፈጣን ሰው ሦስት ጓደኞቹ ቢሰናከሉ ምንም አያመጣም። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህንን ሒሳብ ከአገር አቋራጭ ሩጫ ያውቀዋል። በ1981 ማድሪድ ላይ የኢትዮጵያ ሯጮች ዙሩን ተሳስተው ቆጥረው አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻውን ሩጫ ቢሮጡም፣ የግሉን ወርቅ አጥተው የቡድኑን ይዘው ተመልሰዋል፤ ለአገራቸውም የመጀመሪያው የወንዶች የቡድን ድል ነበር።

በኢንዱሮ ደግሞ የዙር ሳይሆን የጣቢያ ስሕተት ታሪክ ሠርቷል። በ2015 በስሎቫኪያ፣ ኮሺትሴ፣ ከጠንካራ ቡድኖች መካከል የፈረንሳይን ጨምሮ የበርካታ አገር ተወዳዳሪዎች አንድ የመንገድ መቆጣጠሪያ ሳያልፉ ቀሩ። ተሰረዙ፤ ይግባኝ ብለው ተመለሱ፤ ክርክሩ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ፌዴሬሽኑ የይግባኝ ችሎት ሄደ። ሞተሮቹ ከታጠቡ ወራት በኋላ ድሉ ለአውስትራሊያ ተሰጠ። አውስትራሊያ የዓለም ዋንጫን ስታገኝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስታው ግን በወረቀት ላይ የደረሰ ደስታ ሆነ።

የዋንጫው ታሪክ የሞተር ፋብሪካዎችም ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ብሪታኒያ የበላይ ነበረች፤ በድምሩ 16 ጊዜ አሸንፋለች፣ የመጨረሻዋ ግን በ1953 ናት። ከ1933 እስከ 1935 ጀርመን በቢኤምደብሊው ሞተሮች ተከታትላ ወሰደች። ከጦርነቱ በኋላ ተራው የቼኮስሎቫኪያና የሞተር ፋብሪካዋ የጃዋ ሆነ። የምሥራቅ ጀርመን ቡድን ደግሞ ኤምዜድ በተባለው ባለሁለት ምት ሞተር ከ1963 እስከ 1967 አምስት ጊዜ ተከታትሎ፣ በ1969ም ደግሞ አሸነፈ። ትልልቆቹን የእንግሊዝ ሞተሮች የረቱት እነዚህ ቀላልና ትናንሽ ሞተሮች ናቸው፤ ጭቃ ውስጥ የገባን ሞተር ጎትቶ ያወጣ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ሴቶች ወደዚህ ውድድር የመጡት ዛሬ አይደለም። በ1927 ማርጆሪ ኮትል፣ ኢዲዝ ፎሊና ሉዊዝ ማክሊን የብሪታኒያን ቡድን ሠርተው ሁለተኛውን ዋንጫ፣ የብር ማሰሮ ይባል የነበረውን፣ ወንዶቹን ቀድመው ወሰዱ። ሴቶች የራሳቸው የቡድን ውድድር ያገኙት ከዚያ 80 ዓመት ቆይቶ፣ በ2007 ቺሊ ላይ ነው።

በ1939 ውድድሩ በዛልትስቡርግ ሲካሄድ አውሮፓ በጦርነት አፋፍ ላይ ነበረች። የጀርመኑ ኃላፊ አዶልፍ ሁንላይን፣ ጦርነት ቢነሣ እንኳ እንግዶቹ በሰላም እንደሚሸኙ ቃል ገባ። ቢሆንም ከለንደን በደረሰ ቴሌግራም የብሪታኒያ ተወዳዳሪዎች ውድድሩ ሳያልቅ ሞተራቸውን አስነሥተው ወደ ድንበር ገሠገሡ። ውድድሩ በተዘጋ በሳምንቱ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ሞተረኞቹ እንደገና የተሰበሰቡት በ1947 በቼኮስሎቫኪያ፣ ዝሊን ከተማ ነው።

አሜሪካውያን ዘግይተው የመጡ ናቸው። በ1964 በምሥራቅ ጀርመን፣ ኤርፉርት፣ የሆሊውዱ ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን የአገሩን ባንዲራ ይዞ በመክፈቻው ተሰለፈ። ከቡድኑ አባላት አንዱ በድ ኤኪንስ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት በወጣው «ታላቁ ማምለጥ» ፊልም ውስጥ ማክዊንን ተክቶ በሞተር አጥሩን የዘለለው ሰው። ሁለቱም በሦስተኛው ቀን ወድቀው ከውድድሩ ወጡ። ፊልም ላይ አንዴ ዘሎ ማረፍና በስድስት ቀን ውስጥ አለመውደቅ የተለያየ ሙያ መሆኑን ያ ሳምንት አሳይቷል። ውድድሩ በ1973 ወደ ማሳቹሴትስ፣ ዳልተን ሲሄድ ከአውሮፓ የወጣበት የመጀመሪያው ጊዜ ሆነ፤ አሜሪካ ግን የዓለም ዋንጫን ያነሣችው በ2016 በስፔን ናቫራ ነው።

ከ1973 ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ አውስትራሊያ፣ ብራዚል፣ ኒውዚላንድ፣ ቺሊ፣ ሜክሲኮና አርጀንቲና አስተናግደዋል፤ አፍሪካ ተራው ደርሷት አያውቅም። ምክንያቱ የመልክዓ ምድር ሊሆን አይችልም። የ2010 አስተናጋጅ የሆነችው የሜክሲኮዋ ሞሬሊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ሰቆጣ ከዚያም ከፍ ትላለች። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ነዳጁ በዝቶበት ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። የከበደው ሆቴሉ፣ ጉምሩኩና የበርካታ መቶ ሞተር ማጓጓዣው ሳይሆን አይቀርም።

ቡድኑን መከተል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አጃቢዎቹ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ካርታውንና የሰዓት ሰሌዳውን ይከፋፈላሉ፤ ሞተረኛው በጫካ ሲያቆራርጥ እነሱ በመኪና በዋናው መንገድ ዞረው ቀድመውት ይገኛሉ። በተፈቀደው ጣቢያ ላይ ሸራ ዘርግተው መፍቻ፣ ፕላስ፣ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ማንሻ በረድፍ ይደረድራሉ። ልምድ ያለው አጃቢ ዕቃውን የሚደረድረው ሞተረኛው ሳያይ እጁን ቢሰድ እንዲያገኘው ነው። ሞተሩ ሲደርስ አንዱ ውኃና ሙዝ ያቀብላል፤ አንዱ ጭቃ የሸፈነውን መነጽር ተቀብሎ ንጹሑን ይሰጣል፤ አንዱ ከፊቱ ያለው ወንዝ በየት በኩል እንደሚሻል ይነግራል። ማናገር ይቻላል፤ ብሎኑ በየት በኩል እንደሚፈታም መጮህ ይቻላል። መፍቻውን ጨብጦ ማዞር ግን የሞተረኛው ነው። ፍሬኑ የተሰበረበትን ልጅ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ሲታገል ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ማየት ከመንዳቱ ያላነሰ ይከብዳል። ስለዚህ አንዳንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ይቆማሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ከታጠፈ በኋላ ሸራው ተጠቅልሎ፣ የወደቀው ብሎን ተለቅሞ፣ መኪናው ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይከንፋል፤ የቡድኑ ሁለተኛ ሰው ከ20 ደቂቃ በኋላ እዚያ ይደርሳልና።