ሰንሰለቱን ያስፈታው ቆዳ አልፊ

(በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር፤ ለአዲስ አንባቢዎች የታተመ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ሕክምናው ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምር። እኔ ባደግኩበት መንደር አንድ ሸማኔ ነበር። ሥራ ወዳድ፣ ሰው አክባሪ ነበር። አንድ ጊዜ ግን እንቅልፍ አጣ። ብቻውን ማውራት ጀመረ። «ሊገድሉኝ ይከታተሉኛል» እያለ ሌሊት ወደ ዱር ይሮጥ ነበር። ቤተሰቦቹ ግራ ቢገባቸው እግሩን በሰንሰለት ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰሩት። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ገደል እንዳይገባባቸው ፈርተው ነው። እኛ ልጆች ግን በደጁ ስናልፍ «እብድ! እብድ!» እያልን ድንጋይ እንወረውር ነበር። እኔም ወርውሬአለሁ። ሰውየው ከዚያ ምሰሶ ሳይፈታ ሞተ።

ኋላ መምህርነት ስሠለጥን የሥነ ልቦና ትምህርት ተማርኩ። ሥነ ልቦና ማለት የሰውን ሐሳብ፣ ስሜትና ጠባይ የሚያጠና ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ ነው እንዲህ ያለው እስራት በእኛ አገር ብቻ የነበረ እንዳልሆነ ያወቅኩት። ሠለጠነ በሚባለው አውሮፓም የአእምሮ ሕመምተኞች ለብዙ ዘመን በብረት ታስረው ኖረዋል። ታዲያ ሰንሰለቱን ማን አስፈታው?

እስቲ ወደ ፈረንሳይ አገር እንሂድ። በፓሪስ ከተማ አጠገብ ቢሴትር የሚባል ትልቅ ተቋም ነበር። ድሆች፣ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች በአንድነት የሚታጎሩበት ቦታ ነው። ከ1770ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዣን ባፕቲስት ፑሳን የሚባል ሰው በዚያ ይኖር ነበር። ሥራው ቆዳ ማልፋት ነው። ወደ ቢሴትር የገባውም አንገት ላይ በሚያብጥ በሽታ ታሞ ነበር። ከዳነ በኋላ እዚያው ሥራ ያዘ። ቀስ በቀስም የአእምሮ ሕመምተኞቹ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በእኛም አገር ቀድሞ ቆዳ አልፊ ይናቅ እንደነበር ታውቃላችሁ። ይህ ሰው ግን ሐኪሞች ያላዩትን አየ።

ምን አየ? የተመታ ሕመምተኛ እንደሚብስበት፣ በደግ ቃል የተያዘው ደግሞ እንደሚረጋጋ አየ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሕመምተኛ እንዳይመቱ ከለከለ። በሽተኛ የሚያሰቃየውን አባረረ። በሽታውን በራሱ ላይ ያየ ሰው ይራራል ብሎ፣ የዳኑትን ሰዎች ለአስታማሚነት ቀጠረ። ያየውንም ሁሉ በወረቀት ይጽፍ ነበር።

በ1793 ፊሊፕ ፒኔል የሚባል ሐኪም ቢሴትር ደረሰ። ፒኔል ብዙ መጻሕፍት ያነበበ የተማረ ሰው ነው። ሆኖም ከቆዳ አልፊው ለመማር አላፈረም። አብሮት እየዞረ ሕመምተኞቹን ያነጋግር፣ የፑሳንንም ማስታወሻ ያነብ ነበር። በ1795 ፒኔል ሳልፔትሪዬር ወደሚባለው የሴቶች ሆስፒታል ተዛወረ። በ1797 ፑሳን በቢሴትር የብረቱን ሰንሰለት አስፈታ። የሚያስቸግሩትን ሕመምተኞች ብቻ ለጊዜው ከጠንካራ ጨርቅ በተሠራ ልብስ ይይዛቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፒኔልም በሴቶቹ ሆስፒታል ይህንኑ አደረገ።

በ1876 የተሳለ አንድ ታዋቂ ሥዕል አለ። በሥዕሉ ላይ ሴቶች ከሰንሰለት ሲፈቱ ፒኔል መካከል ላይ ቆሞ ይታያል። ብዙ ሰውም ሥራውን የሐኪሙ ብቻ አድርጎ ይተርካል። ፒኔል ራሱ ግን በቢሴትር ሰንሰለቱን ያስፈታው ፑሳን መሆኑን በመጽሐፉ ጽፏል።

እንግዲህ ሰንሰለት መፍታት ብቻውን በሽታውን አያድንም። ታዲያ በምን ይታከም? ከዚያ በኋላ የተነሡ ባለሙያዎች በልዩ ልዩ መንገድ ሄዱ። ዋና ዋናዎቹን ላንሣ።

አንደኛው መንገድ ንግግር ነው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ሲግመንድ ፍሮይድ የሚባል ሐኪም በቪየና ከተማ ሕመምተኞቹን አጋድሞ፣ በሐሳባቸው የመጣውን ሁሉ እንዲናገሩ ያደርግ ነበር። ከፍሮይድ ሐሳቦች ብዙዎቹ ኋላ ተነቅፈዋል። ሕመምተኛን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ግን እስከ ዛሬ የሕክምና ክፍል ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው መንገድ ልምድ ነው። ጠባይ የሚለመድ ከሆነ፣ ፍርሃትም ሊተው ይችላል ማለት ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1924 የጻፈችው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ሕፃን ጥንቸል ይፈራ ነበር። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳየችው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አቀረበችለት። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ መዳሰስ ቻለ።

ሦስተኛው መንገድ መድኃኒት ነው። በ1952 በፓሪስ ሳንት አን ሆስፒታል ዣን ደሌይና ፒየር ደኒከር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕመምተኞች ሰጡ። የሌለ ድምፅ የሚሰሙና ሰው ያሳድደናል የሚሉ ብዙ ሕመምተኞች ተረጋጉ። መድኃኒቱ እንቅልፍ ማብዛትና ሰውነትን ማንቀጥቀጥን የመሰለ ጉዳትም አለው። ስለዚህ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

አራተኛውን መንገድ ያሳየን አፍሪካዊ ነው። ናይጄሪያዊው ሐኪም አዴዎዬ ላምቦ በ1954 በአቤኦኩታ ከተማ አጠገብ አሮ በሚባል ቦታ ሥራ ጀመረ። ሕመምተኞቹን በግንብ አጥር ውስጥ አልዘጋባቸውም። ከዘመዶቻቸው ጋር በአካባቢው መንደሮች ቤት እንዲይዙ አደረገ። በሆስፒታሉ ይታከማሉ፤ ከመንደሩ ሰው ጋር ይኖራሉ፤ በእርሻም ይሠራሉ። ላምቦ የባህል ሐኪሞችን ሳይቀር አማክሯል። ሕመምተኛው ከወገኑ ሳይለይ መታከም እንደሚችል በሥራ አሳየ።

በእኛስ አገር? ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ሲባል የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ በዚህ ሙያ ነርሶች ሠልጥነው ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተዋል። ከ2003 ጀምሮም የአእምሮ ሐኪሞች እዚሁ አገራችን ይሠለጥናሉ። ቢሆንም ሕክምናው ያልደረሰበት አካባቢ ገና ብዙ ነው። ዛሬም በየጓዳው ታስሮ የሚኖር ሰው አለ።

እናንተ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች! ጸሎቱን፣ ጸበሉንም ሆነ ዱዓውን ተዉ አልላችሁም። ነገር ግን ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። የታዘዘለትን መድኃኒት ሐኪም ሳይነግራችሁ አታቋርጡበት። ልጆቻችሁም ድንጋይ ሲወረውሩ ብታዩ ዝም አትበሉ። እኔን በጊዜው የገሠጸኝ ሰው አልነበረም።

ለዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን። በደብተራችሁ ላይ እነዚህን ቃላት ጻፉ፤ ሕመም፣ ሰንሰለት፣ ሕክምና፣ ወገን። ደህና ሁኑ!

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ፑሳን ሠራተኞቹን ከምን ከለከላቸው? ለምን?
2. ፒኔል ከፑሳን መማሩ ምን ያስተምረናል?
3. በመንደራችሁ የታሰረ ሕመምተኛ ቢኖር ከቤተሰቡ ጋር እንዴት ትነጋገራላችሁ?